ድስቱ ማፏጨት ያቆመ ዕለት

ሮቤ ውስጥ የምኖርበትን ቤት ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው የሠራሁት በገዛ እጄ ነው። ጉራ ነው የሚለኝ ካለ ይበል፤ ግን እውነት ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። በስንዴ እርሻዎቹ ላይ የኮምባይነር ጥገና ረዳት ሆኜ ስሠራ ብየዳውንም፣ ኤሌክትሪኩንም፣ አናጢነቱንም ሌሎች ሲሠሩ እያየሁ በዓይኔ ሰረቅሁት። ማንበብም ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት። ለአንድ ባለሙያ እንኳ የእጅ ዋጋ ከፍዬ አላውቅም። የሰፈሩ ሰው የውሃ ቧንቧው ቢያፈስ፣ በሩ ቢጣመም፣ ሬዲዮው ዝም ቢል ይዞ የሚመጣው ወደ እኔ ነው።

እንዲህ ያለሁ ሰው በገዛ ማድ ቤቴ በር ላይ ቆሜ ወደ ውስጥ መግባት ያቃተኝ ቀን አለ። ስለዚያ ቀን ነው የምጽፈው።

ነገሩ የጀመረው ከባቄላ ነው። እዚህ ደጋው ላይ ባቄላ ቶሎ አይበስልም። ጠዋት ብትጥደው ቀትር ላይ ገና ጥርስ ይሰብራል። ከፍ ባለ አገር ውሃ በትንሽ ሙቀት እየፈላ ያታልላል፤ ይህን ከማንም ሳልማር ከኮምባይነር ራዲያተር ነው የተረዳሁት። ባቄላው እስኪበስል የሚነደው ከሰል ነው ታዲያ። የከሰል ጆንያ በየገበያው ሲወደድ የእኛ ጡረታ ባለበት ቆሟል። ማድ ቤቱን ደግሞ በዕቁብ ዕጣ ነበር የምናሻሽለው። የመጀመሪያው ዕጣ የወለል ሲሚንቶ ሆነ። ሁለተኛው የግድግዳ ልስን ሆነ። ሦስተኛው ሲወጣ ባለቤቴ፣ "አሁን ከኋላ በኩል መስኮት ይውጣለት። በር ቢሆን ደግሞ የተሻለ" አለች።

"ኮርኒስ ይቅደም" አልኳት። "መስኮትና በር ብርድ ማስገቢያ ነው። ብርድ ሲገባ ከሰል ይበዛል።"

"ጭሱስ?"

"ምድጃውን በሩ ሥር አድርጊው። ጭሱ ራሱ መውጫውን ያውቃል።"

ሒሳቡ ልክ ነበር፤ ዛሬም ወረቀት ላይ ብሠራው ልክ ነው የሚሆነው። ኮርኒሱን ራሴ መታሁት። ምድጃው በሩ ሥር ተቀመጠ። ባለቤቴ ከምድጃው ወዲያ፣ ሙቀቱ በሚደርስበት ጥግ፣ በርጩማዋን አኖረች።

ከዚያ ጎባ ሄጄ ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ድስት ገዛሁ። በእንፋሎት የሚያበስል፣ ክዳኑ በጎማ የሚታተም፣ ሲፈላ የሚያፏጭ ወፍራም ድስት፤ ሰዉ ፕሬሸር ይለዋል። ክዳኑ ላይ አንዲት ነገር የወለቀባት ትንሽ ቀዳዳ ስለነበረችው ዋጋው ወርዷል። ሻጩ፣ "አባት፣ ይቺ ቀዳዳ ናት ያረከሰችው እንጂ ድስቱ እንዲህ ባለ ዋጋ አይገኝም" አለኝ። በልቤ ሳቅሁ። ለታክሲ ሳልከፍል ድስቱን ተሸክሜ ከጎባ ሮቤ በእግሬ ገባሁ። ቤት ስደርስ ከኮምባይነር የተረፈች አንዲት ቡሎን ከነጎማዋ ቀዳዳዋ ላይ አሰርኩ። ከድስቱ ጋር አብራ የተሠራች ነበር የምትመስለው። እዚያ ቦታ የነበረችው ነገር እንፋሎቱ ከልክ ሲያልፍ ተፈናጥራ የምታስተነፍሰው መሆኗን አላወቅሁም። የማላውቀው ነገር ይኖራል ብዬም አልጠረጠርኩም።

ለወራት ሠራ። ባቄላው ከሰሉ ሳያልቅ ይበስላል። ጎረቤት እየጠራሁ አሳየሁ። ባለቤቴ ብቻ አልወደደችውም። ማፏጨት ሲጀምር ሥራዋን ጥላ ወደ ግቢ ትወጣለች። "ይሄ ነገር ቂም ይዟል" ትላለች። አንድ ቀን የአጥር ጎረቤታችን፣ ወደ ጎሮና ጊኒር እህል የሚያመላልሰው ነጋዴ፣ ሊያየው መጥቶ ሳለ ስትወጣ አይቼ፣ "እያት እስቲ! ከድስት የምትሸሽ ሴት አይተህ ታውቃለህ?" አልኩት። ጎረቤቴ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

በማግስቱ ዝናብ ነበር። ስንዴና ባቄላ ለንፍሮ አንድ ላይ ዘፍዝፈናል። ድስቱን የሞላሁት እኔ ነኝ። እስከ አፉ ነው የሞላሁት። "ባዶ ቦታ ምን ይሠራል? አንድ እሳት የሦስት ቀን ንፍሮ ያብስልልን" አልኩ።

"ሲያብጥ የት ይገባል?" አለች።

"ክዳን አለው አይደል?"

ምስር የያዘ ሰፌድ አንስታ ምድጃውን በጎን ታክካ ገባች፤ የሚያማትን ጉልበቷን በእጇ ይዛ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። "ዛሬ አልሸሽልህም" አለችኝ።

እኔ ውጭ ጣሪያው ሥር ቁጭ ብዬ የተሰነጠቀ ጀሪካን በጋለ ቢላዋ እደፍናለሁ። ድስቱ ያፏጫል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከዚያ ፉጨቱ ቆመ።

መጀመሪያ ከሰሉ የሞተ መሰለኝ። አንገቴን አስግጌ አየሁ። ከሰሉ ፍም ነው። ክዳኑ አናት ላይ ያለችው፣ ዘወትር እያፏጨች የምትጨፍረው ብረት፣ ንቅንቅ አትልም። የስንዴው ገለፈት ከታች ደፍኗታል። ድስቱ ግን ዝም አላለም፤ ከሆዱ ውስጥ ቀፎ ውስጥ እንደታፈነ ንብ ያለ ድምፅ ይመጣል። መያዣው በቀስታ ይንቀጠቀጣል። ዕድሜዬን ሙሉ ከሞተር ጋር ኖሬያለሁ። የታፈነ ነገር ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

"ለምን ዝም አለ?" አለች ከውስጥ።

"አትነሺ።"

"ምን?"

"አትነሺ አልኩሽ! ባለሽበት!"

በሩ ጠባብ ነው፤ ጠባብ ያደረግሁትም ብርድ እንዳያስገባ ነበር። በእሷና በበሩ መሃል ያለው ምድጃው ነው። ለመውጣት ድስቱን በቀሚሷ እየነካች ማለፍ አለባት፤ በዚያ ጉልበቷ ደግሞ ቀስ ብላ ነው የምታልፈው። ምድጃውን እኔ ልሳበው ብዬ አንድ እርምጃ ገባሁ። ድስቱ "ጭው" አለና አንድ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማኝ።

ወደ ኋላ ተመለስኩ። ሦስት እርምጃ ተመለስኩ። እሷ በዓይኗ ትከተለኛለች። ሰፌዱ ጭኗ ላይ ነው፤ ጣቶቿ ምስሩ ውስጥ ቆመዋል። አንድ ጊዜ ደግሜ ልግባ ብዬ እግሬን ላክሁት፤ እምቢ አለ። ያን ጊዜ ነው ዞሬ የሮጥኩት።

ቤቱን ዞሬ ከኋላ ደረስኩ። መጥረቢያውን ከእንጨት ክምሩ ላይ መዝዤ የማድ ቤቱን ግድግዳ መታሁት። መጥረቢያው ነጥሮ ተመለሰ።

ይህ ግድግዳ የእኔ ሥራ ነው። የባሕር ዛፉን ቋሚ ሌላው ሰው ከሚያቆመው በላይ አጠጋግቼ ነው ያቆምኩት። ጭቃውን ከጭድ ጋር አስቦክቼ ሦስት ጊዜ መርጌዋለሁ፤ በላዩ ላይ ሲሚንቶ ለስኜዋለሁ። ሰው ሲያልፍ በቡጢ እየመታሁ፣ "ስማ፣ ድንጋይ ነው!" እል ነበር። ያን ቀን ረገምኩት። ስመታ ልስኑ ብቻ እየተላጠ ፊቴ ላይ ይረጫል፤ በየምቱ መሃል ጆሮዬን ለፍንዳታው እሰጣለሁ።

ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። "ማል ታታን? ጋሼ፣ ምን ሆኑ? ቤትዎን ለምን ያፈርሳሉ?"

"ድስቱ ሊፈነዳ ነው! እሷ ውስጥ ናት!"

"በበሩ አትወጣም?"

"በሩ ላይ ነው ያለው!"

"ያ ረቢ!" ብሎ አጥሩን ዘለለ። ደጅ ያለውን ጀሪካን አንስቶ፣ "ውሃ ልድፋበት!" ሲል እንደ እብድ ጮህኩበት። "እንዳትደፋ! የጋለ ብረት ነው፣ ይሰነጠቃል!" በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፋ ብረቱ ለሁለት ሲከፈል በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውዬው አመነኝ። ማን የእኔን ቃል ይጠራጠራል? ጀሪካኑን ጥሎ ዶማ ይዞ መጣ።

እሱ ጭቃውን ይንዳል፤ እኔ ቋሚውን እቆርጣለሁ። "ጋሼ፣ ይሄን ግድግዳ ለመድፍ ነው እንዴ የሠሩት?" ይላል እያለከለከ።

"አፍህን ዝጋና ምታ!"

"እየመታሁ ነው! ወላሂ፣ የወህኒ ቤት ግድግዳ ይሻላል!"

አንዱ ቋሚ ተቆረጠ። ጭቃው ወደ ውስጥ ተናደ። በቀዳዳው መጀመሪያ ያየሁት ጨለማ ነው። ቀጥሎ እጇ ወጣ። ያዝኩት። እጇ በረዶ ሆኗል።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ። ጭንቅላትሽን አስቀድሚ።"

"ትከሻዬ አያልፍም።"

አላለፈም። ሁለተኛው ቋሚ መቆረጥ ነበረበት። እሷ ከቀዳዳው ፈቀቅ ስትል ከኋላዋ የድስቱ ድምፅ ተለውጦ ሰማሁት፤ ቀጭን ሆኗል። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደመታሁ አላውቅም። መጥረቢያው አንድ ጊዜ ጫማዬን ስቶ መሬት ገብቷል። ቋሚው ሲሰበር ሁለታችንም እጅ እጇን ይዘን ጎተትናት። ነጠላዋ ሚስማር ላይ ቀረ፤ ክንዷ ተላጠ፤ በጭቃው ላይ እየጎተትን ግቢው ውስጥ ካለው የጭድ ክምር ጀርባ አደረስናት።

ገና ሳንቀመጥ ፈነዳ።

እንፋሎቱ ጋብ ሲል ገብቼ ሳይ ክዳኑ ኮርኒሱን በስቶ ቆርቆሮውን ወደ ላይ እንደ ጉብታ አጉብጦት ነበር። ምድጃው እንክትክት ብሏል። በርጩማዋ ከነበረበት በላይ፣ ተቀምጣ ጭንቅላቷ በሚደርስበት ልክ፣ የፍም ቁርጥራጭና ንፍሮ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ጣቴን ሰድጄ ነካሁት፤ ገና ያቃጥላል። ቡሎኗ ከክዳኑ አልወለቀችም። በሌላ ቀን ቢሆን ለመንደሩ ሁሉ አሳያት ነበር። ያን ዕለት ዘወር ብዬ አስታወከኝ።

የግድግዳውን ቀዳዳ አልደፈንኩትም። የሚቀጥለው የዕቁብ ዕጣ እስኪወጣ በሸራ ሸፈንነው፤ ሲወጣ በር አደረግሁለት። ደህና በር ነው፤ ማጠፊያውን የበየድኩት እኔ ነኝ። ከሰልም እንደፈራሁት አልጨመረም።

ሰው ሊጠይቅ ሲመጣ ታሪኩን የምታወራው ባለቤቴ ናት። እንዴት አድርጌ እንደ ወጣት መጥረቢያ እንዳነሳሁ፣ እንዴት ግድግዳውን እንደበሳሁት ትናገራለች። ጎረቤቴም፣ "ጋሼ ያን ቀን ሰው አልነበሩም፣ ወላሂ!" ይላል። እኔ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። አሁን ልትናገረው ነው፣ አሁን ከበሩ መሸሼን ልታወጣው ነው እያልኩ እጠብቃለሁ። ከወራት በኋላ ደግሞ ጎባ ውስጥ በእንዲህ ያለ ድስት የምትሠራ አንዲት ሴት፣ "ውሃ ቢደፉበት እኮ ከሰሉም ይጠፋ ነበር፣ ድስቱም ይበርድ ነበር" አለችኝ። ጎረቤቴ ጀሪካኑን አንስቶ ነበር። ያስጣልኩት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ጎመን ስትከትፍ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጠየቅኋት።

"ለምንድን ነው ለሰው የማትነግሪው?"

"ምኑን?"

"መሸሼን።"

ቢላዋው ቆመ። "መሸሽህንማ እኔም ብሆን እሸሽ ነበር" አለች። "እኔን የገደለኝ ሌላ ነው።"

"ምን?"

"አልነገርከኝም። ዞረህ ስትሄድ፣ ግድግዳውን ልሰብር ነው አላልክም። ጥሎኝ ሄደ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። የመጀመሪያውን የመጥረቢያ ምት ስሰማ ድስቱ መሰለኝ። ሞትኩ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።"

ፍንዳታውን ሌሊት በሕልሜ አላየውም። የማየው እሷን ነው፤ ሰፌዱን ታቅፋ ባዶውን በር ስታይ።

ከዚያ ወዲህ ከአጠገቧ በተነሳሁ ቁጥር ወዴት እንደምሄድ እነግራታለሁ። ሚስማር ላመጣ ነው፣ ዶሮዎቹን ላይ ነው፣ ሽንት ቤት ነው፣ መጣሁ እላታለሁ።

"ሂድ እንግዲህ፣ ማን ያዘህ?" ትለኛለች፤ ግን በዓይኗ እስከ በሩ ድረስ ትሸኘኛለች።