የሲራራው ክብ

ዛሬ ጠዋት የኮረሪማ ጆንያ ስፈታ የቃጫው ሽታ አፍንጫዬን መታኝና፣ እግሬ በሰው አገር፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቆሞ ልቤ ባቲ መንገድ ገባ። ከነጋ ጀምሮም አላረፍኩም፤ እጄ ቅመም ይመዝናል፣ ዓይኔ መንገዱን ይጠብቃል። ባለሕንፃው ጎረቤቴን እትዬ ጥሩነሽን ከሱቃቸው ሊያስለቅቃቸው ነው፤ የሚልከው ሰው ረፋዱ ላይ ቁልፍ ሊቀበል ይመጣል። እሳቸውም እንደኔ ቅመም ይሸጣሉ፤ ቢሄዱ ደንበኞቻቸው የኔ ናቸው።

ትናንት ልጃቸው ሰላም በየሱቁ እየዞረች፣ «ጋሼ፣ ነገ ሱቅ ዘግታችሁ እኛ በር ላይ ቁሙልን፤ ሰርክል ዘ ዋገንስ እናድርግ፣ ኦኬ?» ስትል ዋለች። ምን ማለት ነው ብላት፣ ድሮ ወደ ምዕራብ የሚሰደዱ ነጮች ሲመሽ ወይም አደጋ ሲመጣ ጋሪዎቻቸውን ክብ አሰልፈው ሰውና ከብቱን መሐል ያስገቡ ነበር፤ ዛሬ ግን አንዱ ሲነካ ሁሉም አብሮት ይቁም ለማለት ነው አለችኝ።

እኔ ይህን ያየሁት በልጅነቴ፣ ከሲራራ ነጋዴው አባቴ ጋር ስጓዝ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነጋዴዎቹ ጭነቱን አራግፈው ዙሪያውን እንደ ካብ ይደረድሩና በቅሎዎቹን መሐል ያስገባሉ፤ ቀኑን ሙሉ የጨው ዋጋ ሲደባበቁ የዋሉት ሰዎች ከክቡ ውስጥ ስለ ገበያ ትንፍሽ አይሉም፣ ደንብ ነው። አንድ ቀን የአባቴ ተቀናቃኝ ይማም ገበያ ልቅደም ብሎ ተነጥሎ ገሰገሰ። ጅብ መጮህ ሲጀምር አባቴ እየተራገመም ቢሆን ክቡን ሳይዘጋ ጠበቀው። ዝጋው ቢሉት፣ «ጅብ በይማም ከጀመረ ነገ እኔን ነው» አለ። ይማም በቅሎዎቹን እየነዳ፣ እያለከለከ ሲመለስ ደግሞ፣ «ግባ፣ አንተ ገበያ ቀዳሚ! ለጅቦቹ በስንት ሸጥክላቸው?» ብሎ ደንቡን ራሱ አፈረሰው፤ ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ።

ሱቄን ቆልፌ ወጣሁ።

«አንተም መጣህ? ደንበኞቼን ልትረከብ ነው?» አሉኝ እትዬ ጥሩነሽ።

«እርስዎ ከሄዱ እኔን ማን ይሰድበኛል?»

ከሰላም ጋር ሦስት ሆንን። ሌሎቹ ከየመስታወታቸው ጀርባ ቆመው ማን እንደሚወጣ ያያሉ። ሲራራዎቹን ማንም እየዞረ አልጠራቸውም፤ የፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ይበቃቸው ነበር። የባለሕንፃው ሰው መኪናውን ፓርክ አድርጎ ወረደ። እትዬ ጥሩነሽ እጄን አጥብቀው ያዙኝ፤ በአንድ ጎናቸው እኔ፣ በሌላው ልጃቸው፤ ክቡ ግን ገና አልተዘጋም።