ሁለቱ ትርፍ ፈረሶች

ጡረታ ስወጣ ሰው ሁሉ «እንግዲህ ዕረፍ» አለኝ። እኔ ግን ሠላሳ ምናምን ዓመት ለማስተማር በእግሬ ትምህርት ቤት ስመላለስ ያጠራቀምኩት ድካም ነበረኝና ሞተር ሳይክል ገዛሁ። ከተማችን ቆሰበር ውስጥ በዚህ ዕድሜው ሞተር የሚነዳ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ሚስቴ «ሌላው ሽማግሌ ምርኩዝ ይገዛል» ብላ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ፤ በአራተኛው ቀን ከኋላዬ ተፈናጥጣ ገበያ ሄደች።

ሞተሯ ደህና ነበረች። ጉድለቷ አንድ ነው፤ አትሰማም። ማርሚታዋ፣ ያቺ ከኋላ በጎን በኩል የተጋደመችው ድምፅ ማፈኛ፣ ጩኸቱን ሁሉ ዋጥ አድርጋ «ፍስስ» ብቻ ነው የምትለው። ባጃጆች ሳያዩኝ ይታጠፉብኛል። አንድ ቀን መናኸሪያው በር ላይ አንድ የባጃጅ ሹፌር አንገቱን ብቅ አደረገና፣

«አባባ፣ ሞተሩ ጠፍቶብዎታል መሰለኝ። ልግፋዎት?» አለኝ።

እየነዳሁ ነበር እኮ!

ሰው ሲያረጅ ድምፁ እንደሚያንስ አውቃለሁ፤ ቤቴ ውስጥ ከለመድኩት ቆይቷል። የሞተሬም ድምፅ አብሮኝ ማርጀቱ ግን አንገበገበኝ። በማግስቱ ወደ ዳንግላ ወረድኩ።

ዳንግላ የማውቀው መካኒክ እጁ እስከ ክርኑ በግራሶ የጠቆረ፣ ቀልድ የማይገባው ጎልማሳ ነው። ብሶቴን ከሰማ በኋላ ማርሚታዬን በመፍቻ መታ መታ አደረጋት።

«የዚች ውስጧ ክፍል ክፍል ነው፤ ጭሱ እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው። ቀጥ ያለ ክፍት ቧንቧ ብገጥምልዎት ሞተሩ እንደ ልቡ ይተነፍሳል። ድምፁም ይወጣል።»

«ጉልበቱስ?»

«በደንብ ሲሮጥ ትንሽ ይጨምራል። አንድ ሁለት የፈረስ ጉልበት።»

ጥፋቱ እዚህ ላይ ጀመረ። አዊ ምድር ተወልዶ ላደገ ሰው «ፈረስ» የሚል ቃል እንዲህ በዋዛ አይነገርም። በሞተሬ ወረቀት ላይ አሥር የፈረስ ጉልበት ተብሎ ተጽፏል። በዕድሜዬ አንድ ፈረስ ይዤ የማላውቅ ሰው፣ በአንድ ቧንቧ የአሥራ ሁለት ፈረስ ጌታ ልሆን ነው! «ግጠመው!» አልኩ።

ገጥሞ አስነሳው። የጋራዡ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፤ ማዶ ታስራ የነበረች አህያ ገመዷን በጥሳ ሄደች። መካኒኩ ከጎኔ ቆሞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። በጣቱ ነዳጅ የሚመጥነውን ካርቡራተር ያሳየኛል፣ ደግሞ መዳፉን እንደ ዳገት ሽቅብ ያቆምና ራሱን ይነቀንቃል። አንዲት ቃል አልሰማሁም። እንኳን ደስ ያለዎት የሚለኝ መስሎኝ «እሺ! እሺ!» እያልኩ ተፈተለክሁ።

ሜዳው ላይ እውነትም በረረች። ነዳጁን ለቀቅ ሳደርግላት ደግሞ «ጧ! ጧ!» እያለች ትተኩሳለች። ቤቴ ስደርስ ሚስቴ ደጃፍ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«ድምፅህ ከደረሰ ቆየ» አለችኝ፤ «አንተ የት ቀረህ?»

አሁን ስለ ጎረቤቴ ልንገራችሁ። የዕድሜ እኩያዬ ነው። ልጆች ሆነን እኔ ፊደል ስይዝ እሱ ፈረስ ያዘ፤ እስከ ዛሬም ሁለታችን ከያዝነው አልወጣንም። ዳማ ፈረሱ በሠርግም፣ በለቅሶም፣ በበዓል ጉግስም የታወቀ ነበር። ነገር ግን የግጦሽ መሬቱ ላይ ልጆቹ ለከሰል የሚሆነውን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተክለውበት የሣር ነገር ጠበበ። ትልቁ ልጁ «አባቴ፣ ፈረሱን ሽጥና እንደ መምህሩ ሞተር ግዛ» እያለ መግቢያ መውጫ አሳጣው። ከአዘና ከተማ ገዢ ተገኝቶ ለቅዳሜ ተቀጥሯል። ጎረቤቴ እሺም እንቢም አላለም። ለፈረሱ የሣር ድርቆሽ ሲያቀርብለት ግን ፊቱን እንዳላይበት ጀርባውን ሰጥቶኝ መቆም ጀምሮ ነበር።

እኔ ደግሞ የሞተር ጓደኛ አማረኝና የልጁን ወገን ያዝኩ። ነገሩን አሁን ሳስበው ራሴን በኩርኩም ባልኩት።

«አሥራ ሁለት ፈረስ አለኝ» አልኩት በአጥሩ ላይ።

«ምን ታበላቸዋለህ?»

«ቤንዚን።»

«ፋንድያቸውስ?»

«ጭስ ሆኖ ይወጣል።»

«እሱስ ሸቶኛል» አለና በአገውኛ አንድ ነገር ጨመረበት፤ ለሞተር የሚነገር አይደለም። ቀጥሎ ወደ ዳማው ዞረ። «ስማ አንተ መምህር። ነገ ጠዋት ከሰፈራችን ጀርባ ያለውን ዳገት አብረን እንውጣ። እላይ የውሃ ቦኖው ጋ ቀድመኸኝ ከደረስህ፣ ቅዳሜ እሸጠዋለሁ። ፈረሴ ከቀደመህ ግን አንተም ልጆቼም የሽያጭ ነገር ዳግመኛ አታነሡብኝም።»

ልጁ ከቤት ውስጥ ሰምቶ ኖሮ ብቅ አለ። «ተናግረሃል አባቴ! እኔ ምስክር ነኝ!»

ጎረቤቴ እየሳቀ ነበር፤ ልጓሙን የያዘው እጁ ግን አይስቅም ነበር።

ጠዋት ዳገቱ ግርጌ ተገናኘን። ልጁ ከትከሻው ላይ ፎጣውን አውርዶ ወደ ላይ አነሣ። ቦኖው ጋ ጀሪካን የደረደሩት ሴቶች፣ የቀዱትም ያልቀዱትም፣ ሁሉም ቁልቁል ወደ እኛ ያያሉ። ፎጣው ሲወርድ እኔ ነዳጁን ጠመዘዝኩት፤ ምድር ተጨነቀች።

መጀመሪያ ለጥ ያለ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ መራሁ። ከእንግዲህ ስሜ ሊጠራ ነው ብዬ ወደ ኋላ ዞሬ እጄን ሁሉ አውለበለብኩ። ዳገቱ ሲጀምር ግን ሞተሯ እንደ እኔው ማሳል ጀመረች። ጩኸቱ እንዳለ ነው፤ ጉልበቱ የለም። ማርሽ ቀየርኩ፣ ፍሪሲዮን ያዝኩ፣ ለቀቅሁ፤ በለቀቅሁት ቁጥር «ጧ!» ትላለች።

ያልታሰበው ነገር ይህ ነው። ዳማው በሠርግና በለቅሶ ተኩስ ያደገ ፈረስ ነው። ሌላ ፈረስ ቢሆን ደንግጦ ገደል በገባ። እሱ ግን «ጧ!» ሲሰማ ጆሮውን አቁሞ፣ አንገቱን አርዝሞ፣ ጉግስ የተጀመረ መስሎት ነው የሚወረወረው። በተኮስኩ ቁጥር አንድ ዝላይ ይጨምራል። መካኒኩ የጨመራቸው ሁለት ፈረሶች ለካ ወደ ጎረቤቴ ፈረስ ነው የገቡት!

ጎረቤቴ በአጠገቤ ሲያልፍ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። ከቦኖው በኩል የሴቶቹ ድምፅ መጣ።

«ወፍጮ መጣላችሁ! እህሌን ላምጣ?»

«ተይ እቴ፣ ይሄ የሚፈጨው ራሱን ነው!»

ዳገቱን ሳላጋምስ ሞተሯ ጸጥ አለች። ያ የባጃጅ ሹፌር ያን ጊዜ ቢያየኝ እውነት በተናገረ ነበር፤ አዎ፣ ጠፍቶብኛል።

ጎረቤቴ አናት ላይ ደርሶ ከፈረሱ ወረደ። ይፎክራል፣ ይሰድበኛል ብዬ አንገቴን ቀብሬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ግንባሩን ፈረሱ አንገት ላይ አስደግፎ ረዘም ላለ ጊዜ ቆመ። ከዚያ ቁልቁል መጥቶ ከኋላ ሞተሬን ገፋልኝ። ልጁም ፎጣውን ትከሻው ላይ መለሰና «ቃል ቃል ነው» ብሎ ለአዘናው ሰው ሊደውል ኔትወርክ ፍለጋ ዳገቱን ወጣ።

ቅዳሜ፣ ፈረሱ ይሸጥበት በነበረው ቀን፣ ጎረቤቴ አንድ ማሰሮ ማር ይዞ ገባ። ግራና ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ልጄ እንዳይሰማ ብዬ እንጂ የዚያን ዕለት በተናገርኩ። ውለታህ ገብቶኛል።»

«የምን ውለታ?»

«አውቀህ ነው የተሸነፍክልኝ። አሥራ ሁለት ፈረስ ያለው ሞተር እንዴት ይችን ዳገት ያቅተዋል? በሰው ፊት ተዋርደህ ፈረሴን አተረፍክልኝ።»

«ኧረ ስማ፣ እኔ እኮ…»

«ዝም በል!» አለኝ፤ ዓይኑ እርጥብ ነበር። ማሰሮውን ተቀበልኩት። ማሩ ነጭ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት የድሮዋን ማርሚታ ላስመልስ ዳንግላ ስሄድ «አብሬህ ልሂድ» ብሎ ከኋላዬ ተፈናጠጠ። መካኒኩ ሲያየን ከጋራዡ ሆኖ ጮኸ።

«አባባ! ዳገት ሞክረው ነው አይደል? ነግሬዎት ነበር እኮ! ክፍት ቧንቧ በቀስታ ጉዞ ጉልበት ያሳጣል፤ ካርቡራተሩን ሳላስተካክልልዎት ዳገት እንዳይሞክሩ ብዬ አስጠንቅቄ፣ እሺ እሺ ብለውኝ ነው የሄዱት!»

ጎረቤቴ ትከሻዬን ጨበጥ አደረገኝ። «እያወቀ!» አለ ለራሱ፤ «ይኸው፣ እያወቀ!»

ምን ልበል? አልሰማሁህም ብል መደንቆሬን ላምን ነው። መፍቻውን አቀበልኩት።

መካኒኩ ማርሚታዋን ቦታዋ መልሶ እያጠበቀ፣ ያቺ የናቅኋት ቆርቆሮ ድምፅ ለማፈን ብቻ እንዳልተሠራች ነገረኝ፤ ጭሱን እንደ ሞተሩ አቅም ያዝ ለቀቅ የምታደርገው እሷ ናት አለ። ሞተሩ ጠፍቶ ስለነበር በዚህኛው ጊዜ ቃል በቃል ሰማሁት።

ስንመለስ ያንኑ ዳገት ሁለት ሽማግሌ ጭና፣ «ፍስስ» እንዳለች፣ ሳታስል ወጣችው። ደስ ይለኛል ብዬ ሳስብ ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«አየህ? ስትፈልግ ትወጣለች። እኔን ልታሞኝ ነው?»

ከዚያ ወዲህ ማር በቆረጠ ቁጥር አንድ ማሰሮ የእኔ ነው። ሚስቴ እውነቱን ታውቃለች፤ ማሩን ስለምትወደው አብራኝ ትዋሻለች። ዳማው በአጥሩ በኩል ሲያየኝ ያሽካካል፤ እሱም የሚያውቅ ይመስለኛል፤ ደግነቱ አይናገርም። ዘንድሮ ግን ቁርጥ አድርጌያለሁ፤ እውነቱን እነግረዋለሁ። ይሄኛው ማሰሮ ይለቅና።