የጎደለችው ሰላምታ

ልጅ እያለሁ በኩርፊያ የሚያህለኝ አልነበረም። በደርግ ጊዜ አምቦ ስድስተኛ ክፍል ስንማር፣ በአንድ ዴስክ ላይ ለአምስት ተጣበን እንቀመጥ ነበር። የሚያዝያ ዝናብ ያራሰው ሹራባችን ከጠመኔው አቧራ ጋር ተደባልቆ የሚሸተው ሽታ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ጫልቱ ሁልጊዜ ከጎኔ ነበረች። ያን ሰሞን ግን እሷ በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ሆንን። ጤና ጣቢያ የሚሠሩት አባቷ ወደ ጊንጪ ተዛውረው ቅዳሜ ቤተሰቡ በሙሉ ሊሄድ መሆኑን የሰማሁት ከሷ ሳይሆን ከጎረቤት ነበር። በልጅ ደንብ ትንሿን ጣቴን ዘርግቼ «ተጣልተናል» አልኳት። ልቤ ግን ቅዳሜ ሳይደርስ እንድታናግረኝ ይለምን ነበር።

አንድ ጠዋት የሒሳብ አስተማሪያችን ቲቸር ፈይሳ፣ «አምስት ሰዎች እርስ በርስ ቢጨባበጡ ስንት መጨባበጥ ይሆናል?» ብለው ጠየቁ። እኔ ቀድሜ «ሃያ» አልኩ። እያንዳንዱ ሰው አራት ሰው ይጨብጣላ። እኛ ዘንድ ደግሞ «አካም» ብሎ ሰላም ያለሽን ሰው መልሰሽ «አካም» ካላልሽው ነውር ነው፤ ስለዚህ የሁለቱንም ቆጠርኩ። ቲቸር ሳቅ ብለው የኛን ዴስክ አስነሱና «እስቲ በተግባር እንየው» አሉ። ስንጨባበጥ የክፍል አለቃው ሰሌዳው ላይ እያሰመረ ቆጠረ። ዘጠኝ ሆነ።

ቲቸር መስመሮቹን አይተው ወደኔ ዞሩ። «መጨባበጥ የሁለት ሰው ነው። ሃያ ያልሽው እያንዳንዱን ሁለቴ ቆጥረሽ ነው፤ ለሁለት ሲካፈል አሥር መምጣት አለበት። ታዲያ አንዷ የት ገባች?»

ክፍሉ በሙሉ እኔንና ጫልቱን አየ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ኮታ፣ ወዲህ ኑ» አሉን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንድ እጅ አያጨበጭብም።»

እኔ የሷን እጅ ጠበቅኩ፣ እሷ የኔን። በመጨረሻ ጫልቱ ዘረጋችልኝ። «ታለቅሻለሽ ብዬ እኮ ነው ያልነገርኩሽ» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ እዚያው ሰው ፊት አለቀስኩ። አሥረኛዋን መስመር ቲቸር ራሳቸው አሰመሩ። ቅዳሜ ዕቃቸው እስኪጫን ድረስ ከአጠገቧ አልተለየሁም።

ያኔ አንድ ጥያቄ ይዘን ክፍለ ጊዜው ያልቅብን ነበር። ዛሬ ልጄ ይህንኑ ጥያቄ በቀመር ላፍ አድርጋ ትሠራዋለች። «ለምንድን ነው ለሁለት የሚካፈለው?» ስላት «ቀመሩ ነዋ፣ እማዬ» ትለኛለች። አልፈርድባትም፣ ጎበዝ ናት። እኔ ግን ለምን እንደሆነ የገባኝ የጫልቱን እጅ ጨብጬ ሳለቅስ ነው።