ለሁለቱም የመሰከረ ቁጥር

ማርሊስ ፍሪሰን በካናዳዋ ዊኒፔግ ከተማ ባንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ደም መርምራለች፤ አሥራ አንዱን ዓመት አጠገቧ ነበርኩ። የላብራቶሪ ሰው ውጤት ይናገራል እንጂ አስተያየት አይሰጥም። ማርሊስ ይህን ደንብ አማቷን በምታከብርበት መንገድ ታከብረው ነበር፦ ፊት ለፊት ብቻ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የዘጠኝ ቀን ሕፃን ደም መጣ። ልጁ ያተኩሰዋል፤ ጉበቱ እየከዳው ነው። ፎቅ ላይ ሁለት ሐኪሞች ተፋጠዋል። የተላላፊ በሽታዎቹ ሐኪም «ቫይረስ ነው» ይላሉ። የደም ሐኪሟ ደግሞ «የገዛ የበሽታ መከላከያው አብዶ እየበላው ነው» ባይ ናቸው። መከላከያውን የሚያደክመው መድኃኒት ብቻውን ቢሰጥና ነገሩ ቫይረስ ቢሆን፣ ልጁን ትጥቅ አስፈትቶ ለጠላት ማስረከብ ነው።

ሁለቱም የሚጠብቁት ፌሪቲን የተባለውን የደም ምርመራ ነበር። አርባ አንድ ሺህ ወጣ፤ በመቶዎች ቤት መሆን የነበረበት። ማርሊስ ሳቀች።

«አሁን ሁለቱም ‹አላልኩም?› ይላሉ።»

«እንዴት ሁለቱም?»

«በሁለቱም በሽታ ከፍ ይላላ! ጨቅላ ላይ ይሄ ቁጥር ለጠራው ሁሉ ይመሰክራል።»

ከዚያ የታዘዙትን ምርመራዎች አየችና ሳቋ ጠፋ። የጨቅላ ጉበት የሚያጠቃው የሄርፒስ ቫይረስ ምርመራ የለም። ኋላ እንደሰማነው፣ ምርመራውንም የቫይረሱን መድኃኒትም አንዱ ቡድን ሌላው ያዛል ብሎ ትቶት ነበር።

አደገኛ ውጤት በስልክ ሲነገረው ሐኪሙ የሰማውን መልሶ መድገም ግዴታው ነው። ደወለች። ያነሳው ልጁ የተኛበት ክፍል ተረኛ፣ ጀማሪው ዶክተር ኦኬማው ነበር።

«ፌሪቲን አርባ አንድ ሺህ። ይድገሙልኝ፣ ዶክተር።»

«አርባ አንድ ሺህ። አመሰግናለሁ፣ ወይዘሮ ማርሊስ።»

«አልጨረስኩም። የሄርፒስ ምርመራ አልታዘዘም። ይድገሙልኝ።»

«እሱ እኮ ውጤት አይደለም።»

«ይድገሙት እንጂ!»

«የሄርፒስ ምርመራ አል… የመከላከያ ማድከሚያው ሊሰቀልለት ነው እኮ! ከልጁ የተረፈ ደም አለዎት?»

«ፍሪጅ ውስጥ። የቫይረሱን መድኃኒት ግን… እኔ አስተያየት አልሰጥም።»

«አልሰጡም። አሁኑኑ አስጀምራለሁ።»

ማታውኑ ታወቀ፦ ሄርፒስ ነው፣ ትልቅ ሰው ከንፈር ላይ ምች የሚያወጣው ያው ቫይረስ። በግምገማው ስብሰባ አንደኛው ሐኪም ድሮም ቫይረስ ማለታቸውን አስታወሱ፤ ሁለተኛዋ ቫይረሱ መከላከያውን ማሳበዱን አስረዱ። ሁለቱም ረቱ። ማርሊስ ያልታዘዘ ነገር በስልክ ተናግራለች ተብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ ፈረመችበት።

ልጁ በሰባተኛው ሳምንት ቤቱ ገባ። ወላጆቹ ለሁለቱ ቡድኖች ኬክ አመጡ ሲባል ሰማን። ማርሊስ የልጁን የመጨረሻ የጉበት ውጤት አወጣችና፣ ሁሉም ቁጥር ደህና ሆኖ ሳለ፣ ቁጭ ብላ ሁለቴ አነበበችው።