የማይነበበው ቁጥር

በስደት በምኖርባት ዌሪቢ በምትባል ከተማ ባለው መጋዘን ከኒው ጊኒ ጫካ የመጡ የጃፓን የጦር አውሮፕላን ስብርባሪዎችን እለያለሁ። ዛሬ ሺፍቴ ሊያልቅ ሲል ከአንዱ ሞተር ላይ ጭቃ ስፍቅ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝና የልጅነት ሰፈሬ ደብረ ዘይት ትዝ አለኝ።

አባቴ የአየር ኃይል መካኒክ ነበር። አንድ ቀን ተራራ ላይ ከወደቀ አውሮፕላን የተገኘ፣ የአውሮፕላኑ መለያ ቁጥር ያለበት ብረት ይዞ መጣ። የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ ልጅ አብራሪ ነበር፤ በርሮ ሳይመለስ ሳምንት ሆኖት ነበር። እትዬ አስካለ አባቴን በራችን ላይ ጠበቁት።

«የልጄ ነው?» አሉት።

አባቴ ብረቱን በመሐረብ ጠረገው። ቁጥሩ አጠገቡ ለቆምኩት ለእኔ እንኳ ቁልጭ ብሎ ይታየኝ ነበር።

«ቁጥሩ ተቃጥሏል፣ እትዬ አስካለ። አይነበብም» አላቸው።

ሲሄዱ ቀና ብዬ አየሁት።

«ዛሬን እንኳ ይተኙ፣ ልጄ» አለኝ በደከመ ድምፅ።

በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም አልነገራቸውም። አገር ለቅቄ እስክወጣ ድረስ እትዬ አስካለ የውጭ በራቸውን ሳይቆልፉ ያድሩ ነበር።

ደግ ማድረጉ ይሁን መበደሉ እስካሁን አላውቅም። ዛሬ ከሞተሩ ላይ ያነበብኩትን ቁጥር ወንድማቸው በጦርነቱ በርሮ ያልተመለሰ፣ ጃፓን ያሉ አንዲት አሮጊት ይጠብቁታል። እጄን ታጥቤ ቁጥሩን የሚነግራቸውን ኢሜይል ጻፍኩ። ሴንድ ማድረግ ግን አቃተኝ፤ ካፖርቴን እንደለበስኩ ቁጭ አልኩ።