ጥርሱን የታመመው ሰውዬ

መዳፍ የምታህለውን ሥዕል የሰጠኝ አንድ የውጭ አገር ፎቶ አንሺ ነው፤ ለሥራ ወሎ መጥቶ ሳለ ስተረጉምለት ሰንብቼ ነበር። በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጻ የታተመች፣ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ የሆናት የአንድ ፈረንጅ መልክ ናት። ሰውዬው አንገቱን እስከ አገጩ በነጭ ጨርቅ ጠምጥሟል። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ስለማላውቅም ለማንም ምንም አላልኩም። ደሴ ሆጤ ሰፈር ባለው ቤቴ ሳሎን ውስጥ ሰቀልኳት።

ልጄ የኮምቦልቻ ልጅ ወዶ ሽማግሌ ላክን። ከዚያ የልጅቷ አያት ቤታችንን ሊያዩና ዘር ሊቆጥሩ ደሴ ወጡ። እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። ልጄ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰም።

ሽማግሌው ገና ሳይቀመጡ ሥዕሏን አዩ።

«ይኼ ጥርሱን የታመመው ማነው?»

አፌን ሳልከፍት ታላቅ ወንድሜ ቀደመኝ። «ቅድመ አያታችን ናቸው። ትልቅ ሰው ነበሩ።»

ቤቱን ማስከበሩ ነበር። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውጥተው ተጠጉ።

«አገራችሁ ወዴት ነው?»

«ገራዶ» አለ ወንድሜ ደረቱን ነፍቶ።

«የኛም ቅድመ አያት የወረዱት ከገራዶ ነው።» የራሳቸውን አፍንጫ ዳሰሱ። «አፍንጫውን እየው። ወላሂ የኛ ነው። በሉ እንግዲህ ዘመድ ነን፤ ጋብቻው ቀረ።»

ልጄ ወንድሜን አየው። ወንድሜ ምንጣፉን አየ።

በኛ በጋዜጠኞች ሥራ ስሕተት የሚታረመው በወጣበት ገጽ ላይ ነው። ሥዕሏን ከሚስማሩ አውርጄ ለሽማግሌው ሰጠኋቸው።

«አባባ፣ ወንድሜ ዋሽቷል። ሰውዬው ፈረንጅ ነው። ከግርጌ ያለውን የፈረንጅ ጽሕፈት ይዩት።»

«ስሙ ነው?»

«ሥዕሏን የቀረጸው ሰው ስም ነው። የሰውዬውን አላውቅም።»

«የማታውቀውን ሰው ሳሎን አስገባህ?»

«አዎ።»

«አፍንጫው ግን...»

«መመሳሰሉን አልክድም።»

ወደ ወንድሜ ዞሩ። «አንተስ ቅድመ አያትህን በፈረንጅ ስትለውጥ ትንሽ አታፍርም?»

«ግድግዳው ባዶ እንዳይመስል ብዬ ነው፣ አባባ።»

ዘሩን እንደገና ቆጠርን። ወንድሜ እንዳይናገር ተከለከለ። የኔንም የሳቸውንም እስከ ሰባት ቤት ወረድን፤ የትም አልተገናኘንም።

ሽማግሌው ሥዕሏን መለሱልኝ። «ልጅቷን ሰጥተናል። ይኼንንም ምስኪን አላህ ጥርሱን ይማረው።»

«አሚን» አልን ሁላችንም፤ ከሁሉም የልጄ ድምፅ በለጠ።

ሰውዬው ጥርሱን ለመታመሙ ምንም ማስረጃ የለኝም። ያን ቀን ግን አልተከራከርኩም።