ካውያ አይጠብቅም

የተዋናይቱ ትልቁ ሽልማት የሚገኘው ታላቅ እህቷ ስፌት ክፍል፣ ጠረጴዛው ላይ ነው። የዓመቱ ምርጥ ተዋናይት የተባለችበት የነሐስ ምስል ነው። እህትየው ጨርቅ ስትቆርጥ የልኩ ወረቀት እንዳይነሳባት ታስቀምጥበታለች። «ደህና ክብደት አለው» ትላለች፤ «ካንቺ ይልቅ እኔን ጠቅሞኛል።»

ሁለቱም ሥራ የጀመሩት አንድ ቴአትር ቤት ውስጥ ነው፤ ታላቅየዋ ልብስ ሰፊ፣ ታናሽየዋ ልብስ ተኳሽ ሆነው። ያኔ ታናሽየዋ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። የመተኮሻዋን ክፍል ከመድረኩ የሚለየው ስስ ሳንቃ ብቻ ስለነበር ልምምዱ ሁሉ ጆሮዋ ይገባል። እጇ አንገትጌ ሲተኩስ አፏ የእመቤቲቱንም፣ የገረዲቱንም፣ የሽማግሌውንም ቃል ያነበንባል። አንድ ቀን ገረዲቱን የምትጫወተው ልጅ ድምጿ ተዘጋ። የያኔው አዘጋጅ ጸጉሩን ሲነጭ እህትየው «ያቺ ካውያዬ ታውቀዋለች» አለችው። ቀሚሱን ጀርባዋ ላይ በመርፌ ቁልፍ ሰብስባ ወደ መድረኩ ገፋቻት። ልጅቱ ከዚያ ወዲያ ሃያ ስምንት ዓመት ከመድረክ አልወረደችም፤ ቅጽል ስሟም ካውያ ሆኖ ቀረ።

ኋላ ቴሌቪዥን ጠራት። በተከታታይ ድራማ ክፉ አማት ሆና አገር ጉድ አሰኘች፤ ሽልማቱም የመጣው በዚሁ ነው። ሽንኩርት ልትገዛ ስትወጣ ሴቶች መንገድ ላይ ያስቆሟታል።

«ኧረ እግዜርን ፍሪ! ያቺ ምስኪን ምራትሽ ምን አደረገችሽ?»

«እሷ ናት የጀመረችኝ» ትላለች ካውያ፣ ዘንቢሏን እያስተካከለች።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት በቀረጻ አለፈ። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ «ከት!»፣ ፊት ጠረግ ጠረግ፣ እንደገና ሁለት ሦስት። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሲሞላት የጥንቱ ቴአትር ቤት የአንዲት እናት ሚና ሰጣት፤ መካከሉ ላይ አሥራ አራት ደቂቃ ብቻዋን የምትናገርበት። ዕድሜ ልኳን የተመኘችው ይህንን ነበር።

በመጀመሪያው ልምምድ ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገረችና ቀጥ አለች።

«ምነው?» አለ አዘጋጁ፣ ልጇ ሊሆን የሚችል ወጣት።

«ከት እስክትል ነዋ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ እሷም ሳቀች። በማግስቱ ደገመችው። በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ የሳቀ አልነበረም። አፏ በራሱ ይቆማል፤ አንዴ ከቆመ ደግሞ የሚቀጥለው ቃል ይጠፋል። አዘጋጁ ጥግ ወስዷት አንገቱን ደፋ።

«የኔ እናት፣ እኔ እርስዎን እያየሁ ነው ያደግሁት። ግን ሐሙስ ሳይቆሙ ካልተወጡት ሚናውን ለሌላ መስጠቴ ነው።»

እህቷ ዘንድ ሄዳ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። «አለቀልኝ፣ እትዬ።»

«የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» አለች እህትየው መርፌውን ከከንፈሯ ሳታወጣ። «ካሜራ አሞላቆሻል። ተነሺ፣ ካውያውን ሰኪው።»

«ምን ልሠራበት?»

«ካውያ አይጠብቅሽማ! ከቆምሽ ያቃጥላል። እየተኮስሽ ተናገሪ።»

ለእጅ የቀረበው የእህቷ ባል ሸሚዝ ነበር። ካውያ አራተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ አፏ ቆመ፤ እጇም አብሮ ቆመ፤ ጢሱ ቡልቅ አለ። ማክሰኞ ሁለት ሸሚዝ አለቀ፣ ረቡዕ ጠዋት አንድ።

ባልየው ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው። የተቃጠለውን ጀርባ በመስኮቱ ብርሃን ዘርግቶ አየው።

«በዚህ ስሌት ተውኔቱ ሳይከፈት ራቁቴን እቀራለሁ።»

«ዝም በል፣ ለጥበብ ነው» አለችው ሚስቱ።

ረቡዕ ከሰዓት አሥራ አራቱን ደቂቃ ሙሉ ተናገረች። ጎንበስ ብላ አየች፤ ሸሚዙ ነጭ ነው።

«ነገስ? ካውያ ይዤ አልወጣ!»

«እጅሽ ይዞት ይወጣል» አለች እህቷ።

ሐሙስ አዳራሹ ውስጥ አዘጋጁ፣ ቦታዋን የምትጠብቀው ወጣት ተዋናይት፣ ከኋላ ወንበር ደግሞ እህትና ባል ተቀመጡ። ካውያ መድረኩ ላይ ካለው ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ ጀመረች። ቀኝ እጇ ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ ሄደ፣ ተመለሰ። ሰባተኛው ደቂቃ ግድም ከላይ አንድ አምፖል ጧ ብሎ ፈነዳ።

«ቁሙ! ቁሙ!» ብሎ ጮኸ የመብራት ሠራተኛው።

ሁሉም ባለበት ደረቀ። እሷ ግን አልቆመችም። ስባሪው እግሯ ሥር ተበትኖ፣ እጇ እየሄደ እየተመለሰ፣ ቃሉም እጇን እየተከተለ እስከ መጨረሻው ወረደ።

ቀድማ ያጨበጨበችው ያቺው ወጣት ተዋናይት ናት። አዘጋጁ ዓይኑን እየጠረገ ወደ መድረኩ ሮጠ።

«ያቺ የእጅ እንቅስቃሴ! የታመመ ልጇን ጀርባ እንደምታሽ እኮ ነው የታየኝ። ከየት አመጧት? እባክዎ እንዳይተዉብኝ!»

«ብዙ አጥንቼባታለሁ» አለች ካውያ ኮራ ብላ። ከኋላ እህቷ ሳቋን በመሐረብ አፈነች።

ተውኔቱ የተከፈተ ቀን አዳራሹ ጢም አለ፤ ሙቀቱ አይጣል ነበር። ሰው ሁሉ ኮቱን አውልቆ ሲናፈስ የእህቷ ባል እስከ አንገቱ ቆልፎ ላቡን ይጠርጋል።

«አውልቀው እንጂ፣ ወንድሜ» አለው አጠገቡ የተቀመጠው ሰው።

«አይሆንም» አለ ባልየው ዓይኑን ከመድረኩ ሳይነቅል፤ «ጀርባዬ ላይ የማክሰኞው ልምምድ አለ።»